ኩላሊት እጥበት ላይ ያየሁት የሙሮች ፊልም

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይል ነበር አባቴ፣ አፉ ለሚቸኩል ሰው። ለኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን፣ እዚህ ባዕድ አገር ሌክ ሲቲ በሚባል ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ እሄዳለሁ። መርፌው አንዴ ክንዴ ላይ ከተሰካ አራት ሰዓት መነሳት የለም፤ ዳዊቴን ደግሜ ስጨርስ ቲቪ አያለሁ። የዚያን ቀን የድሮ ዘመን ጦርነት ፊልም ከፍተውልናል። ደረታቸው ላይ መስቀል ያለባቸው ፈረሰኞች፣ ሙሮች የሚባሉት ሙስሊሞች የሚኖሩበትን ከተማ ሰብረው ይገባሉ። ሙሮቹ ጠይም ናቸው፣ መልካቸው የኛው ነው፤ ፊልም ሠሪው ግን ሲያስጮኻቸው እንጂ ሲያናግራቸው አላየሁም። እኔም መስቀሉን አይቼ፣ አንድ ሙር በወደቀ ቁጥር መርፌ ባልተሰካበት እጄ አማትባለሁ። አንዱ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲለምን በጎራዴ መቱት። «ይበለው» አልኩ ጮክ ብዬ። በአማርኛ ነዋ፣ እዚህ ማን ይሰማኛል ብዬ።

አጠገቤ ብርድ ልብስ ተከናንበው የተኙት ሰውዬ ቀስ ብለው ገለጥ አደረጉት። የሙስሊም ነጭ ኮፍያ አድርገዋል። «እባክህ ወንድሜ፣ ድምፁን ቀንስልኝ» አሉኝ፣ በጠራ አማርኛ።

ክው አልኩ። ሪሞቱን አንስቼ ቲቪውን ኦፍ አደረግኩት። «አባቴ፣ ያገሬ ሰው መሆንዎን አላወቅሁም። ፊልም እኮ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ዞረው አዩኝ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ እንኳ አልነበረም። «ፊልም መሆኑን አውቃለሁ። ልጄ መስጊድ በር ላይ ተወግቶ ሲወድቅ ግን፣ ቆሞ ያይ የነበረ ሰው ልክ እንዳንተ ‹ይበለው› ሲል ሰምቻለሁ።»