በማስነሻው እጀታ ላይ ስለተሰቀለው የወሰኑ ጫማ

የምስክሩ ስም፦ ባንቲሁን ከበበው
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ እንጨት ጠራቢና ቀለም ቀቢ
አድራሻ፦ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ዓብዱልጀሊል
በአማርኛ የጻፈችው፦ አስተርጓሚ ኢማን
ጉዳዩ፦ የሟች ወሰኑ ወልደየሱስ አሟሟት

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። እሑድ ዕለት አደጋው እንደደረሰ ስጠየቅ ውጭ ስለነበርኩ ምንም አላየሁም ብዬ ነበር። ውጭ መሆኔ እውነት ነው። ምንም አላየሁም ማለቴ ግን ሐሰት ስለሆነ ዛሬ አርሜዋለሁ።

ከአምና ጀምሮ የምሠራው በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ባለው መናፈሻ ውስጥ ነው። ሥራው በፈረንሳዮች ጊዜ በመርከብ የመጣውን አሮጌ ማኔዥ ማደስና ለእሱ የሚሆን ክብ ቤት መሥራት ነው። ማኔዥ የምንለው ልጆች በእንጨት ፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚዞሩበትን መጫወቻ ነው። ፈረሶቹ ለብዙ ዓመታት መጋዘን ውስጥ ተጥለው ምስጥ በልቷቸው ስለነበር፣ እግርና ጆሮ እየጠረብኩ እተካላቸዋለሁ፣ ቀለምም እቀባቸዋለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ሞተሩንና ከወለሉ በታች ያለውን ማሽከርከሪያ የሚሠራው ሟች ወሰኑ ነበር። ከእሱ ጋር ከድሬዳዋ ጀምሮ እንተዋወቃለን። የሁላችንም ኃላፊ ከይረዲን ነው። ከይረዲንን አልጠላውም። የታችኛው ከንፈሩ የተንጠለጠለውን አንዱን ፈረስ በእሱ ስም እጠራው ነበር፤ እሱም ሲሰማ ይስቅ ነበር።

ወሰኑ በወጣትነቱ ባቡር ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል። እዚያ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከፉርጎ ሥር የሚገባ ሰው አንድ ጫማውን አውልቆ ማስነሻው ላይ ይሰቅላል። ጫማውን ከባለቤቱ በቀር ማንም አይነካም። ባለቤቱ ወጥቶ ጫማውን እስኪያጠልቅ ድረስ ባቡሩ አይንቀሳቀስም። ወሰኑ ይህንኑ ልማድ ወደ ማኔዡ አመጣው። ማስነሻው በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ያለ የብረት እጀታ ነው። ሥራውን ስንጀምር ሁላችንንም ሰብስቦ አሳየን፤ ከይረዲንም ተስማማ።

ባለፈው ረቡዕ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ጠንክሮ ሥራ መቀጠል ስላስጠላኝ፣ አንድ ጫማዬን እጀታው ላይ ሰቅዬ ከፈረሶቹ መሃል ባለው የእንጨት ሠረገላ ውስጥ ተኛሁ። ከይረዲን መጥቶ ጫማውን ሲያይ ከወለሉ ሥር ሰው ያለ መስሎት ጎንበስ ብሎ ደጋግሞ ተጣራ። ሠራተኛው ሁሉ ሥራ አቁሞ ይጠብቅ ነበር። በመጨረሻ በማንኮራፋቴ አገኙኝ። ሁሉም ሳቁ፤ ከይረዲንም እየሰደበኝ ሳቀ። ያልሳቀው ወሰኑ ብቻ ነው። እስከ ማምሻው አላናገረኝም። ወደ ቤት ስንሄድ፣ «ጫማ ዋሽቶ አያውቅም ነበር። አንተ አስዋሸኸው» አለኝ። እኔም፣ «እንግዲህ ንስሐ ይግባ» ብዬ ቀለድኩ። እሱ መንገዱን ተሻግሮ ብቻውን ሄደ።

እሑድ ዕለት ሥራውን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች ነበሩ። ጠዋት ከቤቱ ውጭ፣ ግድግዳውን ተከትሎ፣ ሰፊ የሲሚንቶ ወለል ፈስሶ ነበር። ገና እርጥብ ስለነበረ የምንገባውና የምንወጣው በሩ ላይ በተጋደመ ሳንቃ ብቻ ነበር። ረፋዱ ላይ፣ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ብሩሾቼን ለማጠብ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ወሰኑ ከወለሉ ሥር የገባው እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው። ማሽከርከሪያው ሲዞር ይንሲያጠጥ ስለነበር እንግዶቹ ሳይደርሱ ግራሶ ሊቀባው እንደገባ በኋላ ሰምቻለሁ።

ስመለስ እንግዶቹ ከመኪና እየወረዱ ነበር። ሳንቃው ላይ ስደርስ ከይረዲን ከእጀታው ላይ አንድ ቡናማ ሰንደል ጫማ ሲያወርድ በዓይኔ አየሁ። ጫማውን በበሩ በኩል በትከሻዬ ላይ አሳልፎ ወደ ውጭ ወረወረውና፣ «ጋሽ ባንቲ፣ ዛሬ እንኳ ቀልድህን ተወን» አለኝ። የተቆጣ አይመስልም ነበር። እኔ ወደ እግሬ አየሁ። ሁለቱም ጫማዬ እግሬ ላይ ነበር። «የኔ አይደለም» ስል እጀታው ወርዶ ነበር።

ማኔዡ ሙሉ ዙር አልዞረም። ከሥር የተሰማውን ድምፅ መርማሪው ጠይቆኝ ተናግሬያለሁ፤ እዚህ እንዳይጻፍ ግን ለምኛለሁ፤ የወሰኑ ሚስት የምስራች ይህን ወረቀት ታስነብበው ይሆናል። ከይረዲን እጀታውን ወዲያው መለሰው። ወለሉን ከፍተን ወሰኑን አወጣነው። ሕይወቱ አልፎ ነበር። አንድ እግሩ ባዶ ነበር።

በግርግሩ ከመናፈሻው አጥር ውጭ ሰው ተሰበሰበ። እዚያ አጥር ሥር ወደ የመን ለመሻገር ጀልባ የሚጠብቁ የእኛ አገር ልጆች ያርፋሉ። ቡልቻ የሚባለው አሁን እዚህ ታስሮ ያለው ሰው ከእነሱ አንዱ ነው። አስቀድሞ አላውቀውም። ሰኞ ዕለት በካርቲየ ሰባት መንገድ ላይ የወሰኑን ጫማ አድርጎ መያዙን ሰማሁ። በአንድ እግሩ የወሰኑ ሰንደል፣ በሌላው የራሱ ሸበጥ ነበር ተብሏል። ከይረዲን፣ እጀታው ላይ ምንም ጫማ አልነበረም፣ ይህ መንገደኛ ሰርቆት ነው ሳናውቅ ያስነሳነው ብሎ ቃል መስጠቱንም ሰማሁ። እንዲህ ከሆነ ወሰኑን የገደለው ቡልቻ ነው ማለት ነው።

በዚያው ቀን ማምሻውን ከይረዲን ቤቴ መጣ። የቀረበለትን ውኃ አልጠጣም። አገር ጥሎ የሚሄድ ሰው ቢበዛ ወደ ድንበር ይመለሳል፣ እኔና አንተ ግን ልጆቻችን እዚህ ናቸው አለኝ። መመለስ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሰው ገዳይ ተብሎ እንደሚታሰር ነገርኩት። እሱም፣ «ጋሽ ባንቲ፣ ጫማውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ያንተ ቀልድ መስሎኝ እንደሆነ ግን ታውቃለህ» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ከዚያ አለቀሰ። እኔም አላባረርኩትም። ይህን የምናገረው እሱን ለመክሰስ ብቻ አይደለም። ረቡዕ ዕለት ያንን ጫማ ባልሰቅል ኖሮ እሑድ የተሰቀለውን አይነካውም ነበር። ይህም በቃሌ ውስጥ እንዲገባ ብዬ ተጽፏል።

መርማሪው፣ ቀልደኛ መሆንህን ሠራተኛው ሁሉ መስክሯል፣ አሁንስ እንዴት እንመንህ ብሎ ጠይቆኛል። እኔን ማመን አያስፈልግም፤ ሲሚንቶውን ይመልከቱ ብዬ መልሻለሁ። ከይረዲን የወረወረው ጫማ በሩን አልፎ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ በጎኑ ወደቀ። የወደቀበት ቅርጽ፣ ወሰኑ ራሱ በጅማት የሰፋው ማሰሪያ ሳይቀር፣ ደርቆ ይታያል። ዛሬ ጠዋት ሄጄ አይቼዋለሁ። ከአጥሩ በኩል የመጣ የሰው ዱካም አለ፤ አንዱ የሸበጥ፣ አንዱ የባዶ እግር። ዱካው እስከዚያ ቅርጽ ድረስ መጥቶ ወደ አጥሩ ይመለሳል። ወደ በሩ ወይም ወደ እጀታው የሄደ ዱካ የለም። ሳንቃው ላይ ደግሞ እኛ ሠራተኞቹ ስለነበርን እንግዳ ሰው ሳናየው አያልፍም። ቡልቻ የአንድ እግሩ ሸበጥ ተበጥሶበት፣ የተጣለ ጫማ አይቶ ያነሳ ሰው ነው። ሊሰርቅ የመጣ ሰው አንድ ጫማ ብቻ አይሰርቅም።

ነገ ጠዋት በዚያ ሲሚንቶ ላይ ሴራሚክ ይለጠፍበታል። ትእዛዙን የሰጠው ከይረዲን ነው። ስለዚህ ዛሬ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ፖሊስ ሄዶ ቦታውን እንዲያይና ፎቶ እንዲያነሳ አመልክቻለሁ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።

የወሰኑ የሁለተኛው እግር ጫማ ከሆስፒታል ከልብሱ ጋር ተሰጥቶኝ እኔ ቤት ይገኛል። ለማስረጃ ከተፈለገ አመጣዋለሁ። ምርመራው ሲያልቅ ግን ሁለቱም ጫማዎች ለቡልቻ እንዲሰጡ የምስራችን ጠይቄ ፈቅዳለች። ሰውየው ወደ ባሕሩም ቢሄድ ወደ አገሩም ቢመለስ በአንድ እግር ሸበጥ አይሄድም።

ይህ ቃል በአማርኛ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ የተናገርኩት ነው። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ፣ አውቄ በእጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ባንቲሁን ከበበው
የመርማሪው ፊርማ፦ ዓብዱልጀሊል
የአስተርጓሚዋ ፊርማ፦ ኢማን