ከልጃቸው ግቢ ዜና ሳይለዩ የኖሩት የአቶ ጋሻው ባፈና ዜና ሕይወት

ከየሥራችሁ አስፈቅዳችሁ፣ ባቡርና አውቶቡስ ቀያይራችሁ ለዚህ ስንብት የተሰበሰባችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ አሁን የሚነበበው ለዐምሳ ዘጠኝ ዓመታት በዚህ ዓለም የቆዩት የአቶ ጋሻው ባፈና ዜና ሕይወት ሲሆን፣ የጻፈውም የሚያነበውም የባለቤታቸው የወይዘሮ ኤልፍነሽ ወንድም ዳኛቸው ነው። አንባቢው በዚህ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ሟች ስላነበበ ታሪክ ማሳመር ለምዷል፤ ዛሬ ግን ሳያሳምር ለማንበብ ቆርጦ መጥቷል፣ የሚከፋው ቢኖር አስቀድሞ ይቅርታ ይጠይቃል።

አቶ ጋሻው ከአባታቸው ከአቶ ባፈና ሄራሞና ከእናታቸው ከወይዘሮ እህተማርያም በታኅሣሥ ወር ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. በሆሳዕና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የፖስታ ቤት ሠራተኛ ስለነበሩ ገና በሕፃንነታቸው በሰው ፖስታ ላይ ፊደል ቆጥረው፣ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው ካጠናቀቁ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ዘልቀው በጽሕፈትና በቢሮ አስተዳደር ዲፕሎማ ተቀብለዋል። ከዚያም በአንድ የመንግሥት ኮሌጅ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ተቀጥረው የፈተና ፕሮግራም፣ የመኝታ ክፍል ድልድልና የምረቃ ጥሪ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፉ ሠራተኛ ሆኑ፤ አንድ ወረቀት ጠመም ብሎ ከተለጠፈም እንደገና ነቅለው ካላስተካከሉ ምሳ አይበሉም ነበር። በ፲፱፻፺ ዓ.ም. ከወይዘሮ ኤልፍነሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ አንዲት ልጃቸውን ቃልኪዳንን ወለዱ።

የዘጠና ሰባቱ ምርጫ አልፎ ግቢው በታመሰበት ሰሞን፣ ማን በየትኛው ክፍል እንደሚያድር የሚያሳየውን የተማሪዎች ስም ዝርዝር እንዲያስረክቡ የጠየቋቸው ሰዎች ነበሩ። አቶ ጋሻው ሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ዓይናፋር ሆነው ሳለ፣ ደብዳቤ ካልመጣ ቁም ሳጥኑን አልከፍትም ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ደብዳቤው ሳይመጣ እሳቸው ተወሰዱና ሁለት ወር ከአሥራ አምስት ቀን ታሰሩ፤ ሲፈቱም ሥራቸው ላይ ሌላ ሰው ተተክቶ ጠበቃቸው። የሁለት ዓመት ሕፃን ለእናቷ ትተው አገር ለቀው፣ ከዓመት በላይ በስደት መንገድ ከርመው በ፲፱፻፺፱ ዓ.ም. ለንደን ደረሱ።

እዚህ የነበራቸውን ኑሮ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ ጣታቸው እስኪደነዝዝ ቆመው ሠሩ፤ የመኖሪያ ወረቀታቸው ሲስተካከል ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በጽዳት ተቀጥረው እስከ ሕመማቸው ድረስ አገለገሉ። በ፳፻፪ ዓ.ም. ባለቤታቸውና የሰባት ዓመቷ ቃልኪዳን መጥተው ኬንቲሽ ታውን የካውንስል የኪራይ ቤት ሲገቡ፣ ልጅቷ ለአባቷ እጇን ለሰላምታ ዘርግታ “ጤና ይስጥልኝ” ብላቸው ነበር። ሳቁባት፤ ማታ ግን ለአንባቢው እንደ እንግዳ ተቀበለችኝ አሉት። ያመለጣቸውን አምስት ዓመት ሊክሷት ማለዳ ትምህርት ቤት እያደረሱ፣ መዝሙር ስትለማመድ ውጭ ብርድ ላይ እየጠበቁ አሳደጓት።

ቃልኪዳን አድጋ የመረጠችው ዩኒቨርሲቲ ኤልም ግሮቭ የሚባል፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን ለልጆቻቸው ያቋቋሙት ቤት ነበር። አባቷ ለንደን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የጠፋ ይመስል ምን ውቅያኖስ ያሻግርሻል ብለው ተቆጡ፤ እሷ ደግሞ እዚያ ማንም ከየት ነሽ አይለኝም ብላ ድርቅ አለች። እግሯ እንደረገጠ ግን ሁሉም ይህን እንግሊዝኛ ከየት አመጣሽው እያለ በጥያቄ አሰለቻት፤ አባቷም ይህን ሲሰሙ ሳምንቱን ሙሉ ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ አቶ ጋሻው ኬንቲሽ ታውን ይደሩ እንጂ ልባቸው ኤልም ግሮቭ ግቢ ውስጥ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዩኒቨርሲቲው ሰኞ ሰኞ በድረ ገጹ የሚያወጣውን የግቢ ዜናና የመጪውን ሳምንት ዝግጅት ከሂትሮው ሲመለሱ ባቡር ላይ እያነበቡ፣ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰው፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ገልብጠው ፍሪጁ ላይ ይለጥፉት ነበር። ካፍቴሪያው ለእድሳት እንደሚዘጋ፣ ደም ልገሳው ዝናብ ስለሚጥል ወደ ጂም እንደተዛወረ፣ ሆምካሚንግ ለሚሉት የቀድሞ ተማሪዎች በዓል የሙዚቃ ባንዱ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ የተማሪዎች ፕሬዚዳንት ማን እንደተመረጠ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የወደቀ የመነጽር ማኅደር ባለቤቱን እንደሚፈልግ ሳይቀር ከቅዳሴ በኋላ ያልነገሩት ሰው በመካከላችን ካለ እጁን ያውጣ። ስማቸውም በዚሁ ምክንያት “ሬጅስትራሩ” ሆኖ ቀረ። አንድ ጊዜማ የልጃቸው ማደሪያ ሙቅ ውኃ ሊቋረጥ መሆኑን አንብበው ቶሎ ታጠቢ ብለው ቢደውሉላት፣ “ዳዲ፣ ሲሪየስሊ፣ ተማሪው ማነው?” ብላቸዋለች። ሰው ስንት ነገር ይናፍቃል፣ እሳቸው የናፈቁት ግንቦት ሁለት ቀን ልጃቸው ካባ ለብሳ የምትመረቅበትን ቅዳሜ ነበር።

ባለፈው ጥር ሆዳቸውን አሟቸው ተመርምረው የቆሽት ካንሰር መሆኑ ታወቀ። የመጀመሪያ ቃላቸው “ቃልኪዳን እንዳትሰማ” የሚል ነበር። በየካቲት የመሥራቾች ቀን ነው፣ ትዘምራለች ተባለ፤ በመጋቢት ከመዘምራኑ ጋር ጉዞ ላይ ናት ተባለ፤ በሚያዝያ የመጨረሻ ፈተና ነው ተባለ። ፍሪጁ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ሁልጊዜ አንድ ዝግጅት ነበረ፤ ሁልጊዜም እሱ እስኪያልፍ ተባለ። ትምህርት ላይ ላለ ልጅ መርዶ መደበቅ ሁላችንም የምናደርገው ነውና ማንም በማንም ላይ አይፍረድ። ስልኬ ተሰብሮ ምስል አያሳይም ብለው በድምፅ ብቻ ሲያናግሯት፣ ከመደወላቸው በፊት ውኃ ጠጥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “እንዴት ዋልሽ የኔ እመቤት” የሚለውን ድምፁ እስኪስተካከል ሁለት ሦስት ጊዜ ለብቻቸው ይሉት ነበር። እህቴ ኤልፍነሽ ይህን እየሰማች ወደ ማድ ቤት ገብታ ታለቅስ ነበር።

ሐሙስ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን ረፋዱ ላይ፣ ከቤታቸው ወጥተው በሚታከሙበት የሕሙማን ማስታመሚያ ዐረፉ። ቃልኪዳን በዚያን ቀን ለፈተና እየተዘጋጀች ነበር። ሽማግሌዎች ተቀምጠው አንዴ ሆኗል፣ ቢያንስ ምረቃዋ አይበላሽባት ብለው ወሰኑ፤ ስትደውልም ድምፁ ዘግቶታል እየተባለች ቆየች፤ ቅዳሜ ግንቦት ሁለት ቀን ስምንት ሰዎች ጥቁር ለብሰን የምረቃውን ቀጥታ ስርጭት ከኬንቲሽ ታውን ተመለከትን። ስሟ ሲጠራ ወደ ካሜራው ዞራ እጇን አውለበለበች፤ ከሰዓት በኋላም በአባቷ ስልክ “ዳዲ አየኸኝ?” የሚል መልእክት ገባ። “አየሁሽ ልጄ፣ ኮራሁብሽ” የሚል መልስ ተላከላት።

ሰኞ ጠዋት ሂትሮው ስትደርስ ለአባቷ ልታሳይ የምረቃ ካባዋን ከኮቷ ሥር ለብሳ ነበር። ጥቁር ለብሰን ስታየን አልጮኸችም፤ “መቼ?” አለች። ሐሙስ፣ ያለፈው ሳይሆን የዚያ በፊቱ፣ ተባለ። በጣቷ ቆጥራ “ታዲያ ቅዳሜ የጻፈልኝ ማነው?” ብላ ጠየቀች። እስከዛሬ መልስ አላገኘችም።

የጻፈላት ዳኛቸው ነው፣ ይኸው ይህን የሚያነበው ሰው። የከፋው ግን ይህ አይደለም። ቃልኪዳን አባቴ ሊያየኝ ሳይፈልግ ሞተ እያለች በእነዚህ ቀናት ስትብከነከን፣ ቤተሰቡ አባትሽ እስከ መጨረሻው እንዳትሰሚ ብሎ ነበር እያለ ያጽናናታል። ይህ እስከ ሚያዝያ ሃያ እውነት ነው። ማክሰኞ ሚያዝያ ሃያ አንድ ቀን፣ ኤልፍነሽ ልብስ ልትቀይር ወደ ቤት ሄዳ ሁለታቸው ብቻ ሳሉ፣ አቶ ጋሻው የአንባቢውን እጅ ይዘው “ዳኛቸው፣ ልጄን ጥራልኝ” አሉ። አንባቢው ከኪሱ የፈተናውን ፕሮግራም፣ ያንኑ በእጃቸው የገለበጡትን ወረቀት አውጥቶ ዓርብ ትጨርሳለች፣ ዓርብ እንደውላለን፣ ራስዎ ያሉት እኮ ነው አላቸው። “ያኔ ያልኩት ያኔ ነው። አሁን ልያት” አሉ። ሐኪማቸው ገና ሁለት ሳምንት አላቸው ብላ ስለነበር አንባቢው እሺ ብሎ ወጣ፤ ግን አልደወለም፣ ለማንም አልተናገረም፣ ለእህቱም ጭምር። ረቡዕ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ እያዩ “መጣች?” ብለውታል። በመንገድ ላይ ናት ብሎ ዋሻቸው።

አቶ ጋሻው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኤልፍነሽን፣ በሆሳዕና የሚገኙ ሁለት ወንድሞቻቸውን፣ እንዲሁም እስከ መጨረሻይቱ ቀን ልያት ሲሉ የነበሩትን አንዲት ልጃቸውን ቃልኪዳን ጋሻውን ትተው አልፈዋል። ይህን ከሰማችሁ በኋላ አስታራቂ ሽማግሌ ሆናችሁ ወደ ልጅቷ የምትሄዱ ካላችሁ፣ አንባቢው እባካችሁ ተዉ ይላችኋል፤ ይቅር በይው ብሎ ማንም አያስቸግራት።

የጠሩት ሰው ሳይደርስላቸው ያለፉትን አቶ ጋሻውን፣ ሲጠሩት ነገ የማይል አምላክ በደስታ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር በብርሃን ያሳርፍልን፤ አሜን።