መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልና ጎን ለጎን የሚቀመጡት መስኮቶች

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ወደ ደብረ ታቦር ለመሳፈር በማለዳ መካነ ኢየሱስ ከተማ ደረሱ። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መንገዱን ስላጨቀየው አውቶቡሱ ከቀትር በፊት እንደማይነሣ ተነገራቸው። ምን ያድርጉ? ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለችው የተሻገር ፎቶ ኮፒ ቤት ገብተው ጥግ ያዙና ላፕቶፓቸውን ከከረጢታቸው አውጥተው ሥራቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩ ጀመር።

ሥራው ከባድ አደራ ነበር። ቅኔ ያስተማሯቸው የኔታ ባዩ በስማዳ ወንበር ዘርግተው ብዙ ሊቃውንት ያፈሩ ሰው ነበሩ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ቅኔዎቻቸው እንዲታተሙ ተስማሙ። የተጻፉበትን ብራና እርጥበት እየበላው ስለነበር ገጹን ሁሉ በስልክ ፎቶ አነሡት። ከመካከላቸው ኮምፒውተር የሚነካ መሪጌታ ብቻ ነበሩና መተየቡ በእርሳቸው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ላፕቶፑን የሰጣቸው የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ሊኑክስ የሚባለውንም ሥርዓት የጫነላቸው እርሱ ነው። ዛሬ ጽሑፉን ለማተሚያ ቤት ሊያስረክቡ ነው የሚሄዱት።

ሲሠሩ ለተመለከታቸው ግን ያሳዝናሉ። በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ የብራናው ፎቶ የተከፈተበት መስኮት ጽሑፉን ይሸፍንባቸዋል፤ ጽሑፉን ሲያወጡት ደግሞ ፎቶው ይሰወራል። አንድ ስንኝ በቃላቸው ይዘው፣ በማውሱ ፈልገው፣ መስኮቱን ገልጠው እስኪያመሳክሩ ድረስ ቃሉ ከአእምሯቸው ይሸሻል።

ይህን ሁሉ ከጎናቸው ተቀምጣ የምትመለከት አንዲት ወጣት ነበረች። ሐረገ ወይን ትባላለች፤ የኮምፒውተር ትምህርት ጨርሳ በከተማው የምታስተምር ናት። ብድግ ብላ እጅ ነሣች።

“እንደምን አደሩ የኔታ? የማሩ ልጅ ነኝ። አባቴ ዳዊት የደገመው እርስዎ ዘንድ ነው።”

“የማሩ ልጅ! እግዚአብሔር ይመስገን፤ ማሩስ ደኅና ነው?”

“ደኅና ነው። ድፍረት አይሁንብኝና የኔታ፣ መስኮቶቹን እንዲህ አንዱን በአንዱ ላይ እየደራረቡ ሲሠሩ አይቸገሩም?”

“መቸገርማ እቸገራለሁ። መጻፍ መቼ ያለ ድካም ሆኖ ያውቃል?”

ሐረገ ወይን የራሷን ላፕቶፕ ከፍታ አሳየቻቸው። ሦስት መስኮቶች እንደ ተካፈለ ርስት ድንበራቸውን ጠብቀው ተቀምጠዋል፤ አንዱም በሌላው ላይ አልወጣም።

“እነዚህን ማን አካፈላቸው?” አሉ መሪጌታ።

“ሊኑክስ ላይ የሚጫን፣ መስኮት የሚያካፍል ፕሮግራም ነው። አንድ መስኮት ሲከፍቱ ገጹን በሙሉ ይሰጠዋል። ሁለተኛ ሲከፍቱ እኩል ያካፍላቸዋል። አንዱን ሲዘጉ ቦታው ለቀረው ይመለሳል። መጎተት፣ ማስፋት፣ ማጥበብ የለም። ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሄዱትም በኪቦርድ ነው።”

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ይህ የእናንተ የወጣቶቹ ነው። የሚጫኑት ሥዕል እንኳ የለውም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ልጄ፤ እኔ የለመድኩት ይበቃኛል።”

ሰው የለመደውን ድካም እንደ ድካም አይቆጥረውም፤ የሚያስፈራው አዲሱ ነው። ሐረገ ወይንም ይህን ስለምታውቅ አልተቆጣችም።

“እውነትዎን ነው፤ መጀመሪያ ላይ እጅ ያስራል። እኔም ጊዜ ወስዶብኝ ነው የለመድኩት። ሁሉም ሰው ያስፈልገዋልም አልልም። እርስዎ ግን ቀኑን ሙሉ ሁለት ጽሑፍ ነው የሚያመሳክሩት። ደግሞም እንደሚመችዎ የሚያደርጉት ሥዕል በመጫን ሳይሆን በጽሑፍ ነው።”

“በጽሑፍ?” መሪጌታ ቀና አሉ።

“አዎ፣ አንድ ፋይል አለ። በእያንዳንዱ መስመር አንድ ትእዛዝ ይጻፍበታል፤ ‘ይህ ቁልፍ ከዚያ ቁልፍ ጋር ሲጫን ይህን ክፈት’ ይላል። ፋይሉን አስቀምጠው ‘እንደገና አንብብ’ ሲሉት ፕሮግራሙ እንደ ቃልዎ ያደርጋል።”

“ብሳሳትስ? የሰው አደራ ነው የያዝኩት።”

“ቅኔው ያለበትን ፋይል አንነካውም። የማስተካከያውንም ፋይል ቢሆን ከመንካታችን በፊት ቅጂውን እናስቀምጣለን። አዲሱን ከጠሉት ደግሞ ሲገቡ፣ የይለፍ ቃል በሚጽፉበት ገጽ ላይ፣ የቀድሞውን መርጠው ይገባሉ። የፈረሰ ነገር አይኖርም።”

መሪጌታ ወደ መናኸሪያው ተመለከቱ። አውቶቡሱ አልተንቀሳቀሰም። “እንግዲያስ እስኪነሣ ድረስ አሳዪኝ” አሉ።

ፕሮግራሙን ከፍላሿ ጫነችላቸው፤ ወጥታ አዲሱን መርጣ ገባችና የማስተካከያውን ፋይል ቅጂ አስቀምጣ ዋናውን ከፈተች። መሪጌታ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ የእንግሊዝኛውን ቃል እርሷ እየተረጎመችላቸው፣ መስመር በመስመር ተከተሉ።

“ይህ እንደ አጥር የተጠላለፈ ምልክት ከፊቱ ያለበትስ ምን ይላል?”

“እርሱን ማሽኑ አያነበውም። ለሰው የተጻፈ ማብራሪያ ነው።”

“የኅዳግ ጽሑፍ ነዋ!” ብለው ሳቁ። “እኛም ዘንድ በብራናው ጠርዝ ላይ አለ።”

“መጀመሪያ ዋናውን ቁልፍ እንምረጥ። ትእዛዝ ሁሉ ከእርሱ ጋር ነው የሚጫነው፤ ስለዚህ ለመተየብ የማይጠቀሙበት ይሁን። ከዚያ አንድ መስመር ብቻ ይጨምሩ፤ ፎቶ ማሳያውን የሚከፍት።”

መሪጌታ ፊደል በፊደል ጻፉ። እንደገና እንዲያነብ ሲያዙት ግን ከገጹ አናት ላይ ቀይ ሰንበር ብቅ አለ። እጃቸውን ከእሳት እንደሚያወጣ ሰው ሰበሰቡ።

“አጠፋሁት! አላልኩሽም?”

“ምንም አላጠፉም የኔታ። የተሳሳተው መስመር የቱ እንደሆነ እየነገረዎት ነው። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው።”

ወደ መስመሩ ተመለሱ፤ ከትእዛዙ ቃል አንዲት ፊደል ጎድላለች። ጨመሯትና እንደገና አዘዙ። ቀዩ ጠፋ። ፋይሉን ዘግተው የቅኔውን ጽሑፍ ከፈቱ፤ ዋናውን ቁልፍ ከመረጡት ፊደል ጋር ሲጫኑም የብራናው ፎቶ በግራ በኩል ተከፈተ፤ ጽሑፋቸው ያለ አንዳች ጉተታ በቀኝ ተቀመጠ።

“ወይ ጉድ!” አሉ። ከዚያ ያነብቡ ጀመር፤ ዓይናቸው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይመላለሳል። መወድስ ከሚባለው የቅኔ ዓይነት አንዱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ፤ ፊታቸውም ተለወጠ።

“ሐረገ ወይን፣ ነይ እይልኝ። አንድ ቤት፣ ሙሉ ስንኝ፣ ጎድሏል።”

እውነትም ጎድሏል። የሁለት ተከታታይ ቤቶች መጨረሻ ቃል አንድ ዓይነት ነበርና፣ መስኮት ሲገልጡና ሲሸፍኑ ዓይናቸው ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ዘልሎ ኖሯል። ምሥጢሩ የታሰረው ደግሞ በተዘለለው ቤት ላይ ነው።

“የመምህሬን ቃል ቆርጬ ላሳትም ነበር” አሉ። “እርሳቸውን ቅኔ እንደማያውቅ ሰው አስመስዬ።”

“ዓይንዎ አገኘው እኮ የኔታ። መሣሪያውማ ጎን ለጎን ከማስቀመጥ በቀር ምን አደረገ?”

በዚህ ጊዜ የአውቶቡሱ ረዳት “ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር!” እያለ ተጣራ። የቤቱ ባለቤት ተሻገር ከረጢታቸውን አንሥቶ ሊያቀብላቸው መጣ።

“ተወው፣ ይሂድ” አሉት መሪጌታ። “ይህ ሳይታረም የትም አልሄድም።”

ያን ሳምንት ዘመድ ቤት አርፈው ቅኔዎቹን ከመጀመሪያው ጀምረው አመሳከሩ። ሌሎችም ግድፈቶች ተገኙ፤ ሁሉንም አቀኑ። መጀመሪያ ቁልፉ እየጠፋባቸው ይናደዱ ነበር፤ ውለው ሲያድሩ ግን እጃቸው ሳያስቡት ይሄድ ጀመር። መጽሐፉም በመስከረም ታትሞ ወጣ፤ ደቀ መዛሙርቱ ያን መወድስ ምንም ሳይጎድለው ተቀበሉት።

ከዚያ በኋላ አብሮ አደጋቸው ቄስ ወልደ ሰንበት፣ የደብሩን ታሪክ ሊተይቡ የተነሡት፣ ሊጠይቋቸው መጡ። ስክሪኑን አይተው “ይህ ለእኔ ቢጤ ሽማግሌ አይሆንም” አሉ።

መሪጌታ ወንበር ሳቡላቸው። “እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። አሁን የማነበውና የምጽፈው አንድ ላይ ይታዩኛል፤ የተሸፈነ ስለሌለ የምዘልለው አነሰ። እጄ ከኪቦርዱ ስለማይነሣ ትከሻዬ ዐረፈ። ማሽኑም እኔ በጻፍኩለት ይሠራል እንጂ እኔ በእርሱ ልማድ አልታሰርኩም። ሁሉን ባንድ ቀን ልወቅ አትበል። የማስተካከያውን ፋይል ቅጂ አስቀምጥ፤ ዋናውን ቁልፍ ምረጥ፤ አንድ መስመር ጻፍ፤ ሞክረው። ደግ ሆኖ ካገኘኸው ሁለተኛውን ትጽፋለህ።”

ቄስ ወልደ ሰንበት ጋቢያቸውን ወደ ኋላ መለስ አድርገው፣ “ዋናው ቁልፍ የትኛው ነው?” ሲሉ ጠየቁ።