የእትዬ ጨለማ የመጨረሻ ፎቶ

የሟች ታናሽ እህት ይህን ዜና ሕይወት ስትጽፍ፣ እስከ ዛሬ ለማንም ያልተነፈሰችውን ነገር ልትጨምርበት ወስናለች፤ ዓይነ አፋር ናትና እያነበበች ቀና ባትል ለቀስተኞች አይፍረዱባት።

ሟች ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በኩር ሆነው ተወለዱ። ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥረው ፎቶ ማጠብ ተማሩ፤ ዕድሜያቸውንም ቀይ አምፖል ብቻ በሚበራባት ጠባብ ክፍል አሳለፉ። ሌላ ብርሃን ከገባ ወረቀቱ ይበላሻልና፣ በሩን የነካ ሁሉ ከውስጥ «ጨለማዬን እንዳትደፉብኝ» የሚል ድምፅ ስለሚቀበለው፣ የሰፈሩ ሰው «እትዬ ጨለማ» አላቸው። ፎቶ አንሺውን ባለቤታቸውን ያገኙትም እዚያው በመሆኑ «መልኬን ሳያይ ድምፄን አገባ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ባለቤታቸው ግን ቀድመዋቸው አረፉ።

በሥራቸው አንድ ሕግ ነበራቸው። ወረቀቱ ፈሳሹ ውስጥ ገብቶ መልክ መታየት ሲጀምር፣ ዓይኖቹ እስኪጠሩ ድረስ «ወጣ» አይሉም። ሥራውን ከእሳቸው የተማረችው ታናሽ እህታቸው ምክንያቱን ስትጠይቃቸው «ነፍስም ወጣች ነው የሚባለው፤ ቃሉን አታስቀድሚው» አሏት።

ካንሰር ታመው ኬሞ ሲጀምሩ አፋቸው ውስጡ ቆስሎ፣ ምራቅ መዋጥም ሆነ ለልጃቸው በስልክ አንዲት ቃል መናገር አቃታቸው። ሐኪሙ ቁስሉ ካልተሻለ ቀጣዩ መድኃኒት እንደሚዘገይ ገልጾ የአፍ ቁስልን ወደሚያደርቅ የብርሃን ሕክምና ላካቸው። ነርሷ ለሟችም አብራቸው ለምትገባው ታናሽ እህታቸውም ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ጫፉ የሚያበራ ቀጭን ዘንግ በሟች ጉንጭ ውስጥና በከንፈራቸው ላይ ቀስ እያለች ታሳርፍ ነበር፤ ጉንጫቸውም ከውጭ እንደ ፎቶ ቤቱ አምፖል ይቀላል።

እየዋለ እያደረ ውሃ፣ ከዚያም ሾርባ መዋጥ ቻሉ። መናገር ሲመለስላቸው ግን የመጀመሪያውን ቃል በታናሽ እህታቸው ጆሮ ሹክ አሉ፤ «ጨለማዬን አገኘሁት።» ብርሃኑ ሲገባ በተጨፈነው ዓይናቸው ፊት ሰዎች አንድ በአንድ እንደሚወጡ፣ ሁሉም ፎቷቸውን ያጠቡላቸው ሙታን እንደሆኑ፣ ባለቤታቸውም ከመካከላቸው ቆመው እንደሚጠብቁ ነገሯት። «አንዷ ግን ዓይኗ ገና አልጠራም። ቀሚሷ የኔ ነው። ለልጄ እንዳትነግሪያት፤ ያለባት ይበቃታል።»

በብርሃን ሕክምናው የመጨረሻ ቀን ነርሷ ዘንጉን ስባ «ወጣ፤ ጨረስን» አለች። ሟች የእህታቸውን እጅ ጭምቅ አድርገው «አስቀደመችብኝ» ብለው ሳቁ።

አፋቸው ድኖ ከልጃቸው ጋር እስኪጠግቡ አወሩ። ሕመሙ ግን በሌላ በኩል በርትቶባቸው በእንቅልፋቸው አረፉ። ልጃቸውን፣ የልጅ ልጃቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከሚጠብቋቸው ጋር በሰላም ያገናኝልን።

ባረፉ ማግስት ጠዋት፣ ታናሽ እህታቸው ይህን ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ የቆመውን ፎቶ ልታጥብ ወደዚያች ባለ ቀይ አምፖል ክፍል ገባች። ወረቀቱን ፈሳሹ ውስጥ ስትከተው ከሁሉ በፊት አፋቸው ታየ፤ ዓይኖቻቸው ግን ነጭ እንደሆኑ ቆዩ። ልጃቸው አክስቷን ፍለጋ መጥታ በሩን ስትነካ ከውስጥ «ጨለማዬን እንዳትደፊብኝ» የሚል ድምፅ ሰማች፤ አክስቷ የተናገረች መስሏትም ተመለሰች።

የአክስቷ አፍ አልተከፈተም ነበር። ልጃቸው ይህን ገና አሁን መስማቷ ነው።

ታናሽ እህታቸው እጇን ፈሳሹ ውስጥ እንዳደረገች ጠበቀች። ዓይኖቻቸው ጠሩ። ያን ጊዜ «ወጡ» አለች።