የጋሽ ቶማ ፕሮቲን

በአንድ ቃል የሌላ ሰው ገበያ ያሟሟቅሁ ሰው ነኝ። አርባ ምንጭ አንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ፣ የጫሞ አሳ የሚሸጡት ጋሽ ቶማ ጉልበታቸው አብጦ እያነከሱ መጡ። ደማቸውን መረመርኩና፣ «ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንዎ በጣም ከፍ ብሏል» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። «ፕሮቲን? ከአሳው ነዋ።» «ኧረ አይደለም ጋሼ፣ ይሄ ከምግብ የሚገኝ ሳይሆን ሰውነት ሲቆጣ ጉበት የሚያመርተው ነው። እንደ ዘበኛ ፊሽካ ይቁጠሩት፤ ሌባ መኖሩን እንጂ የት እንዳለ አይናገርም።» በደንብ ሰምተው አንገታቸውን ነቀነቁ። ሐኪሙም መድኃኒት አዘዘላቸው።

በሳምንቱ አሳ ልገዛ እሳቸው ጋ ብሄድ የምርመራ ወረቀታቸው ከሚዛኑ በላይ ተሰቅሏል፤ ሰው ተሰልፏል። «ይኸው የመረመረኝ ልጅ መጣ» አሉ። «ፕሮቲንዎ ከፍ ብሏል አላልከኝም?» «ብያለሁ፣ ግን...» «ሰማችሁ» አሉና ወደ ሚዛናቸው ዞሩ። እኔ ስለ ጉበት ሳስረዳ አሳው አለቀ፤ ለራሴም አልደረሰኝ።

መድኃኒቱን ሲጨርሱ ለክትትል ተመልሰው መጡ። ማነከሱ ቀርቷል። እንደገና መረመርኳቸውና ደስ እያለኝ፣ «ጋሼ፣ ወርዷል» አልኳቸው።

«ምኑ ነው የወረደው?»

«ፕሮቲኑ።»

ቀስ ብለው ተቀመጡና የዳነውን ጉልበታቸውን በቁጭት መታ መታ አደረጉት። «ደንበኛ ይሄን እንዳይሰማ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መድኃኒታችሁ ስንት ዓመት የበላሁትን አሳ ጠርጎ ወሰደው። በል አሁን መልሶ የሚያሳብጥ ነገር ስጠኝ።»