ዳማዬን በሙሾ ሳሰግር

ሠርጌ ሲቃረብ፣ አማቶቼ ደጅ ዳማ ፈረሴን አሰግሬ መድረስ ነበረብኝ። ቡሬ ዳር ካለው መስክ ላይ ስለማመድ ግን ገና ኮርቻው ላይ ስወጣ ጋማውን ጨምድጄ እይዛለሁ፤ ፈረሱም ልጓሙን እያኘከ ወደ ጎን ይሸሻል። አጎቴ አያ ታምሩ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና "አንተ ስትፈራ እሱም ይፈራል። እስኪ ዝፈን፣ ትንፋሽህ ይረጋልሃል" አሉኝ። ድንጋጤ ዘፈኑን ሁሉ አስረስቶኝ አፌ ላይ የመጣልኝ ሙሾ ሆነ። እሱኑ ሳንጎራጉር ዳማ ጆሮውን አቁሞ አዳመጠና ለስለስ ብሎ ይሰግር ጀመር!

ደስ ብሎኝ ድምፄን ከፍ ሳደርገው፣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። "ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብህ?" አሉኝ አንዲት እናት እንባቸውን እየጠረጉ።

"ኧረ ማንም አልሞተ፣ ላገባ ነው!"

"ውይ! ልጅቱ ይህን ያህል ታስፈራለች?"

ከሳቄ ብዛት ልጓሙን ለቀቅሁት። ፍርሃቱ የት እንደገባ እንጃ፤ ዳማ እየሰገረ መስኩን ዳር እስከ ዳር አዞረኝ።