ጌታው የመረጡት ጠረጴዛ

እትዬ ዘሪቱ፣ ብምልልሽም አታምኚኝም። «ባልሽ ፈለቀ ይሙት» ብዬ ልምልልሽ ነበር፤ እሱ ግን ቀድሞኛል፣ ነፍሱን ይማረው። እኔ ልሙት! አሁንም አታምኚኝም።

ለመሆኑ ደህና ገባሽ ወይ? ቀይ አፈር እንዴት ነው? ልጅሽስ፣ የልጅ ልጆችሽስ? ፊትሽ ወዛ ብሏል፤ የልጅ ቤት ይስማማል። እዚህማ ዝናቡ ከቤት አላስወጣን አለ፤ ባጃጆቹ ጭቃ ለብሰው ቀለማቸው ጠፍቷል። አቮካዶሽ ደግሞ ፍሬ ተሸክሞ ተሸክሞ ደክሞት በጎረቤት አጥር ላይ ተደግፏል። በየትኛው ጎረቤት? በዚያው በሰማያዊው ቆርቆሮ በኩል ነዋ... እኔ ስም አልጠራሁም። አጥሩ ሰማያዊ ከሆነ የእኔ ጥፋት ነው?

ጌታው ጎረቤትሽም ደህና ናቸው። እንደሳቸው ያለ ሥራ ወዳድ የት ይገኛል? በዚህ ሰፈር ሰው ሊሞት ሲል መንግሥት ቀድሞ ይሰማል መሰለኝ፣ ወዲያው ስብሰባ ይጠራቸዋል። የብዙወርቅ ወንድም ሲያርፍ ሐዋሳ ነበሩ። የሕዝቅኤል እናት ስታርፍ አርባ ምንጭ። ያንቺ ፈለቀ ሲያርፍማ ወርክሾፕ ላይ ነበሩ... መኪናቸውን ግቢ ውስጥ አቁመው፣ ስልካቸውን ዘግተው፣ መጋረጃቸውን ጋርደው፣ ወርክሾፕ ላይ! የእድሩን ቅጣት ግን አንድ ቀን አሳልፈው አያውቁም። ከቀባሪዎቹ ሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው የሳቸው ቅጣት ነው። ይህን የመሰለ እድርተኛ ሌላ ሰፈር አለ?

እንግዲህ አንቺ ልጅሽ ጋ ስትሄጂ አዲሱ ቤታቸው አለቀ። ወለሉ እንደ መስታወት ነው፤ ገብቼ የራሴን ፊት አየሁና ሰላም አልኩት። ግን አንድ ነገር ጎደለ። በስልካቸው አይተውት ነው። በር ላይ፣ ገባ እንዳልሽ፣ ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆም ጠባብና ረዥም ጠረጴዛ። ኮንሶል ይባላል አሉኝ።

«ይበላበታል?» አልኳቸው።

«አይበላበትም።»

«ይጻፍበታል?»

«አይጻፍበትም።»

«ታዲያ ምን ሊሠራ ነው?»

«ቆሞ ይታያል» አሉኝ።

ሥራውን ወደድኩት። ቢሯቸው ለጉዳይ የሄደ ሰው ይህ ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል...

አዲስ ጠረጴዛ ግን አይሆንም። አናጢው ከዋንዛ ሠርቶ፣ እንደ ሙሽራ ቀብቶ ቢያቀርብላቸው አፍንጫቸውን ያዙ። «ቫርኒሽ ይሸታል። እኔ የምፈልገው ጥንታዊ ነው፤ ብዙ ያየ እንጨት!» አሉ። ሰው ከሆነ ብዙ ያየ አይወዱም፤ ቢሯቸው ያሉትን ሽማግሌዎች ሁሉ ጡረታ አስወጥተዋል። እንጨት ሲሆን ነው የሚያከብሩት።

ከዚያ ወዲያ ገበያ ለገበያ ዞሩ። ሰኞ ካኮ ወርደው የአንዲትን ሴትዮ ሙቀጫ አጋድመው ለኩ። ማክሰኞ አልዱባ ሄደው አንድ ሽማግሌ በርኮታው ላይ ተቀምጦ አገኙ። ታውቂዋለሽ መቼም፣ ቀን የሚቀመጡበት፣ ሲተኙ የሚንተራሱት ትንሽ የእንጨት መቀመጫ። ሽማግሌውን አስነሥተው እንጨቱን አንኳኩ፣ አሸተቱ፣ «ትክክለኛ ጥንታዊ ነው፤ ረዥሙ የለህም?» አሉ። ሽማግሌው ከእግር እስከ ራስ አያቸውና «የሚቀመጥበትን ሰውዬ አምጣና ለክቼ እሠራልሃለሁ» አላቸው። ሐሙስ ደግሞ ቀይ አፈር ነበሩ። አላየሻቸውም? ፀሐይ ብቻ ነው ይዘው የተመለሱት።

ለካስ ዕድላቸው እዚሁ ጂንካ ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች! ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ የሚሸጠው ታሪኩ ጋ፣ ከበቆሎ ጆንያ ሥር። ወገቧ ጠባብ፣ ቁመቷ ረዥም፣ ከዕድሜ ብዛት ጠቁራ ከእጅ ብዛት ያበራች። በግራና በቀኟ ደግሞ አራት የብረት ቀለበት...

አየሽ? ገና ቀለበቱን ሳነሳ ፊትሽ ተለወጠ። አዎ እትዬ፣ እሷው ነች። የእድራችን ጠረጴዛ ነች። በቀለበቷ አጣና ሰክተን ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ለአራት የምንሸከማት፣ ድንኳን ሥር አቁመን የሬሳ ሣጥን የምናሳርፍባት። ፈለቀንም ያሳረፍነው እሷ ላይ ነው። አንቺ ስትሄጂ እድሩ የብረት አሠራና እሷን ሸጣት። አንቺ በቀለበቷ አወቅሻት፤ እኔ ዓይኔ ታስሮ እንኳ ባገኛት አውቃታለሁ። የዚህ ሰፈር ውሻ እንኳ ሲያያት ጭራውን ይቆልፋል። አንድ ለቅሶ፣ አንዲት አንድ ለቅሶ የደረሰ ሰው ይስታታል? ጌታው ግን... ስብሰባ ይበዛባቸዋል።

ታሪኩም እኮ አልዋሻቸውም። «የማን ቤት ነበር?» ብለው ጠየቁት። «ጋሼ፣ ይሄ ጠረጴዛ ያልገባበት የትልቅ ሰው ቤት የለም» አላቸው።

«የድሮው ዳኛ ቤት?»

«ገብቷል።»

«የቄሱም፣ የፓስተሩም?»

«የሁለቱም። ሃይማኖት አይለይም።»

ደስታቸውን ብታዪ! ራሳቸው በመኪናቸው ጣሪያ አስረው፣ በመንገዱ መሐል እያዘገሙ ነው ያስገቧት። መንገደኛው ሁሉ ቆብ አወለቀ። ጌታው ለሳቸው መስሏቸው በመስኮት እጃቸውን እያወጡ ሰላም አሉ።

ሚስታቸውማ ያልደረሰችበት ለቅሶ የለም፤ በየድንኳኑ «ስብሰባ ላይ ሆኖ ነው» እያለች ስትሸፍንላቸው ምላሷ አለቀ። ጠረጴዛዋን አይታ በሩ ላይ ቆመች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ወደ ጓዳ ገባች። ምን ትበል? «የት ታውቂዋለሽ?» ቢሏት መልሱ ራሱ ስድብ ነው። እሳቸው ቀለበቶቹ ላይ ጃንጥላና የመኪና ቁልፍ ሰቀሉ። ብዙወርቅ ወንፊት ልትዋስ ገብታ፣ ገና ስታያት «ወይኔ ወንድሜ!» ብላ ደረቷን መታች። ጌታው ሚስታቸውን ጠርተው ምን አሏት መሰለሽ? «አየሽ፣ ጥንታዊ ዕቃ ሰው ያስለቅሳል!» አሏት።

አሁን ወደ እሑዱ ልምጣልሽ። ያቺን የመሰለች ልጃቸውን መምህሩ ዕዝራ ሊያገባት ሽማግሌ ላከ። እኔ በግ ለማረድ ተጠርቼ ገብቻለሁ፤ ቢላዬን እየሳልኩ በረንዳ ላይ ነኝ። ልጅቷ ጓዳ ውስጥ ሆና ጣቷን ትነክሳለች። ሽማግሌዎቹ ተቀይመው ከወጡ ያለቀላት እሷ ነች እኮ። ጌታው ለክብራቸው ብለው ጠረጴዛዋ ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፉ። በግራ አበባ፣ በቀኝ አበባ። መሐል ላይ ደግሞ... እኔ ልሙት እትዬ... ከረባት ያሰሩበትን የራሳቸውን ፎቶ፣ በር የሚያህል አስደርገው አቆሙ!

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ጋሽ ዶላሞ ከፊት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የፊተኛውን ቀለበት ይዞ የኖረው ዶላሞ። ቀና ሲሉ ነጩ ጨርቅ፣ አበባው፣ ፎቶው፣ ጠረጴዛዋ! ባሉበት ደረቁ። ቆቦቹ ወረዱ። ሕዝቅኤል የመዘምራን መሪ አይደል፣ ልማድ ሆኖበት የለቅሶ መዝሙሩን አነሳ፤ ሌሎቹ ተቀበሉ። ዶላሞ ወደ ሚስታቸው ሄዶ ትከሻዋን ያዘና «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። ሳንሰማ ቀረን። መቼ ነው ያረፈው?» አላት። እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀሰች እንዳልልሽ ነጠላው ሥር ሳቅ ሰምቻለሁ፤ ሳቀች እንዳልልሽ እንባዋ ጨርቁን አርሶታል።

ይኼኔ ጌታው ሽቶ ተቀብተው፣ ያንኑ ከረባት አስረው ከመኝታ ቤት ብቅ! «እንኳን ደህና መጣችሁ!»

አንዱ ሽማግሌ ጫማውን ጥሎ አየር ማረፊያው ሜዳ ድረስ ሮጧል፤ ዛሬም አልተመለሰም ይባላል። ሌሎቹ ግድግዳ ይዘው ቆሙ። ጌታው አድናቆት መሰላቸው። «ጠረጴዛውን እያያችሁ ነው አይደል?» አሉ። «ጥንታዊ ነው። ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚመርጠው!»

ዶላሞ ቀስ ብሎ ቀረበ። ጃንጥላውን ከቀለበቱ አነሳና መሬት አስቀመጠ። መዳፉን እንጨቱ ላይ አሳረፈ። «የብዙወርቅን ወንድም እዚህ አሳርፈን ሸኝተነዋል» አለ። «የሕዝቅኤልን እናት እዚህ። አጥር የሚጋራህን ፈለቀን እዚህ። አላወቅካትም?»

እትዬ፣ ያን ጊዜ ብታያቸው... እጃቸውን ከጠረጴዛዋ ላይ ፍም እንደነካ ሰው አነሱ። ፎቶውን አዩ፣ አበባውን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። አፋቸውን ከፈቱ። እኔ «ስብሰባ» የምትለዋን ቃል ጠበቅኩ፤ እሷም አልወጣችም።

«ልጅቷን እናውቃታለን» አለ ዶላሞ። «ከእናቷ ጋር በየለቅሶ ቤቱ ውሃ ስትቀዳ ነው ያየናት፤ ዕዝራም ያያት እዚያው ነው። ለእሷ ስንል አንወጣም። ስጠን።»

«ሰጥቻለሁ» አሉ ጌታው፤ ድምፃቸው ከጫማቸው ሥር የመጣ ይመስል ነበር።

ጓዳ ውስጥ እልልታው ቀለጠ። ሁላችንም ለምርቃት ተነሣን። ዶላሞ ሁለት እጁን ዘረጋ። ያው የምናውቀውን «አብቡ፣ አፍሩ» ሊል ነው ብለን አሜናችንን አዘጋጅተን ቆመናል። ሽማግሌው ግን ጌታውን አየ፣ ጠረጴዛዋን አየ፣ ደግሞ ጌታውን አየና፣ ማንም ሳያስበው ከአፉ አመለጠው፦

«ከዚህች ጠረጴዛ አጠገብ ቆመህ ሳይህ ዛሬ ገና መጀመሪያዬ ነው ልጄ... ቀባሪ አያሳጣህ!»